የነርሷ እጅና የጲላጦስ እጅ

በአገራችን ስለ ጤና ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ሕንጻ ነው፤ ይህን ያህል ሆስፒታል ተሠራ፣ ይህን ያህል ጤና ጣቢያ ተመረቀ፣ ሪባን ተቆረጠ። በዚያ ሕንጻ ውስጥ የታማሚን ቁስል የምትጠርገው ነርስ እጇን የምትታጠብበት ውኃ መኖር አለመኖሩን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ ልጠይቅ የምሻው ይህንኑ ነው። ጥያቄው የሕክምና ይመስላል፤ በእኔ እምነት ግን የበጀትና የተጠያቂነት፣ በአጭሩ የፖለቲካ ጥያቄ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉት አገሮች ሆስፒታል ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሰዎች 7ቱ፣ በመካከለኛና በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ደግሞ 15ቱ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እዚያው እንደሚይዛቸው ገልጿል። በዚህ ከሚያዙት ከ10 አንዱ ይሞታል። ልብ እንበል፤ እነዚህን ሰዎች የገደላቸው ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ደዌ አይደለም፤ ሊድኑ በገቡበት ቤት ያገኛቸው ነው።

መከላከያው ምሥጢር አይደለም። ነርስ ታማሚን ከመንካቷ በፊት፣ ቁስል ከማሸጓ ወይም የሽንት ቱቦ ከማስገባቷ በፊት፣ ደምና ፈሳሽ ከነካች በኋላ፣ ከታማሚው ስትለይ፣ አልጋውንና ዕቃውን ስትነካም እጇን ታጸዳለች። መሣሪያው በኦቶክሌቭ፣ በ121 ዲግሪ እንፋሎት ይቀቀላል፤ ጥቅሉ ከረጠበ ወይም ከተቀደደ እንደ ገና ይመለሳል። ስቴሪል የሆነው ነገር ስቴሪል ያልሆነውን ለቅጽበት ከነካ ነገሩ አበቃ። «በመጠኑ ስቴሪል» የሚባል ነገር የለም።

እስቲ ሒሳቡን እናስላው። 20 ታማሚ የተሰጣት ነርስ በ8 ሰዓት ሥራዋ እያንዳንዱን 6 ጊዜ ብትነካና ከመንካቷ በፊትም በኋላም እጇን ብታጸዳ፣ 240 ጊዜ ይሆናል። በውኃና በሳሙና በአግባቡ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ይፈጃል፤ 1 ደቂቃ ብለን ብንይዘው 4 ሰዓት፣ የሥራ ቀኗ እኩሌታ ማለት ነው። እጇ በግልጽ እስካልቆሸሸ ድረስ በአልኮል ብታሸው ግን ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ይበቃታል፤ ቢበዛ 2 ሰዓት። እንግዲህ የታማሚውን ዕድል የሚወስነው የነርሷ ጠባይ ብቻ ሳይሆን፣ ስንት ነርስ እንደ ተቀጠረና በአልጋው አጠገብ አልኮል መኖር አለመኖሩ ነው። ሁለቱን ደግሞ ነርሷ አትወስንም።

በቅርቡ አንድ ዘመዴን ልጠይቅ በሄድኩበት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል፣ ከማጠቢያው ገንዳ በላይ የእጅ አስተጣጠብን በሥዕል የሚያስተምር የሚያምር ፖስተር ተለጥፏል። ቧንቧው ግን ደርቋል። ጓንቱን አስታማሚዎቹ ከግቢው ውጭ ካለ ፋርማሲ ገዝተን አስገባን። በገንዘብ የተገዛ ጓንት ብርቅ ነውና፣ አንዱ ጓንት ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲሻገር በዓይኔ አየሁ። ያልተለወጠ ጓንት የለበሰውን ሰው እጅ ይጠብቅ ይሆናል፤ ታማሚውን ግን ከባዶ እጅ አይሻለውም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲጋለጥ የሚገመገመው ማን ነው? ነርሷ ናት። የአሳ ግማቱ ከወደ አናቱ ነው የሚለውን ብሂል የምንረሳው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ሆስፒታል ዶክተር ኢግናዝ ሴሜልቫይስ ያየውን እናስታውስ። ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው በሚያዋልዱበት ክፍል የሚሞቱት እናቶች፣ አዋላጆች ከሚሠሩበት ክፍል እጅግ ይበልጡ ነበር፤ ሐኪሞቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው ወደ ወላዶች ይመጡ ነበርና። እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ ባስገደዳቸው ጊዜ፣ በሚያዝያ ከ100 እናቶች 18 ያህል የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2 ወረደ። ባልደረቦቹ ግን ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። የተከበረ ሰው እጅ ሞት ይሸከማል መባሉ ክብራቸውን ነክቶ ነበር። በእኛስ ዋርዶች አንዲት ጀማሪ ነርስ አንድን አንጋፋ ሐኪም «እጅዎን ታጥበዋል?» ብላ ለመጠየቅ ትደፍራለች?

«አገሪቱ ድሃ ናት» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት ያሰራጨው የእጅ ማጽጃ ቀመር 80 በመቶ ኤታኖል፣ ጥቂት ግሊሰሪንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ በሆስፒታል ፋርማሲ ሊዘጋጅ ይችላል። እንደ ፊንጫ ያሉ የስኳር ፋብሪካዎቻችን ኤታኖል ሲያመርቱ ኖረዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮቪድ ሲመጣ በየባንኩ ደጃፍ ውኃና ሳሙና ተቀምጦ እንደነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከቻልን ለባንክ በር የቻልነውን ለማዋለጃ ክፍል እንዴት ያቅተናል? የያኔው ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 «ካሽ» የተባለውን የጤና ተቋማት የንጽሕና ንቅናቄ ሲጀምር ሐሳቡ መልካም ነበር። መልካም ሐሳብ ግን በሆቴል አዳራሽ፣ በአበል በሚሰጥ ሥልጠና ብቻ ወደ ዋርድ አይደርስም።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ሆስፒታል በየወሩ ሦስት ቁጥሮችን በበሩ ላይ ይለጥፍ፤ ውኃ ስንት ቀን ተቋረጠ፣ የእጅ ማጽጃ ስንት ሊትር ለዋርዶች ተሰጠ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስንት ቁስል መገለ። ውኃና አልኮል እያለ እጇን የማታጸዳ ነርስ፣ እጁን የማያጸዳ ሐኪም፣ ያኔ በሙሉ አፍ ይጠየቃሉ። ውኃ ያላቀረበው ኃላፊም አብሮ ይጠየቃል።

ጲላጦስ በሕዝብ ፊት እጁን የታጠበው ንጹሕ ስለነበረ አልነበረም፤ ኃላፊነቱን ለመሸሽ እንጂ። ደረቅ ቧንቧ አጠገብ ፖስተር ለጥፎ «ታጠቢ ብለናት ነበር» የሚል አስተዳደርም የሚታጠበው እንደዚያው ነው፤ ለዚህኛው መታጠብ ውኃ ጎድሎ አያውቅም።

ቸር እንሰንብት።