እንግዳ ትርዒት በእንጦጦ

በዕለት ኑሮ ውስጥ ሕልም የሚመስል ነገር ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ እንጦጦ ራጉኤል ድረስ መውጣት ይበቃል። በዚያ ተራራ ላይ፥ ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ያመጠቀቻትን የመጀመሪያ ሳተላይቷን ለመከታተል የተሠራ ጣቢያ አለ። ከዚያው ተራራ እናቶቻችንና እኅቶቻችን የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፥ ወገባቸው ጎብጦ ይወርዳሉ። ሳተላይቷ 70 ኪሎ ያህል ትመዝን ነበር፤ አንዲት ሴት የምትሸከመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። እንግዲህ የሁለት ሴቶች ሸክም ወደ አንድ ሳተላይት ክብደት ይጠጋል ማለት ነው።

ይህን አይቶ «ጉድ ነው!» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን እንግዳ የሆኑት ሴቶቹ ናቸው ወይስ እኛ? አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ልትለቀቅ ተቃርባ፥ አፄ ምኒልክም ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው እንደ ነበር ታሪክ ይነግረናል። ከተማይቱን ካስቀሯት ነገሮች ዋናው በዘመናቸው የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናየው ሸክም ዋና ከተማችንን አቁሞ ያኖረ ሸክም ነው።

ሰማይን መመርመር ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው፥ ከሰማይ ሆኖ ደኑን ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሣሪያ አምጥቀን ሳለ፥ በደኑ መካከል ለምትወርደው ሴት ሌላ እንጀራ ማሰብ ሲያቅተን ነው። ኤኮኖሚክስ፥ ምሕንድስናና የደን ትምህርት የምንማር ሁሉ፥ የመመረቂያ ጽሑፋችንን አርእስት ስንመርጥ ይህችን ቁልቁለት እናስባት። መምህሮቻችንም መንገዱን ያሳዩን።