ለልጅ ሌላ ድስት አትጣዱ



በሳምንት ውስጥ በጣም ደጋግሜ የምሰማው አቤቱታ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ ልጄ ምግብ አልበላ አለኝ፣ እባክህ ቫይታሚን እዘዝልኝ።» ምን እየበላ እንደሆነ ስጠይቅ መልሱ ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም። ጠዋት ብስኩት በሻይ። ምሳ ዕቃው ውስጥ ፓስታ በዘይት። ማታ የፓኬት ኑድል። የሚገርመው፣ እዚያው ቤት ውስጥ ለትልልቆቹ ምስር ወጥ ወይም ሽሮ ተሠርቷል። ልጁ ግን «ያቃጥለዋል» ተብሎ አይቀርብለትም።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው፦ ለልጅ የተለየ ምግብ መሥራት ይቅር። ለቤቱ የሚሠራውን ምግብ በርበሬና ጨው ከመግባቱ በፊት ቀንሳችሁ አስቀሩለት፣ በቃ።

እዚህ ላይ እናቶችን እየወቀስኩ እንዳይመስላችሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ይዞ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት የደረሰ ሰው ሁለት ዓይነት ወጥ ይሥራ ማለት ግፍ ነው። ሰኞ ይሠራል፣ ማክሰኞ ይሠራል፣ ረቡዕ ይደክመውና ፓኬቱን ይቀዳል። ለዚህ ነው ለድካም የሚበጅ ዘዴ የሚያስፈልገን።

ነገሩም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ልጆቻችን 57 በመቶዎቹ የደም ማነስ ነበረባቸው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ወባም አለ፣ የሆድ ትላትልም አለ። ግን አንዱና ትልቁ የአይረን እጥረት ነው። አይረን ደግሞ ተራ ብስኩት ውስጥ ብዙም አታገኙትም፤ ምስር ውስጥ ግን አለ።

እንግዲህ ከምስር እንጀምር፣ እኔ ቤት በጣም የሚሠራው እሱ ነውና። የኛ ወጥ ለልጅ የማይመቸው በርበሬው ገና ከመጀመሪያው ከቁሌቱ ጋር ስለሚገባ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። አንድ ኩባያ የምስር ክክ አጥባችሁ፣ በሦስት ኩባያ ውኃ፣ ከደቃቅ ካሮት፣ ከአንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና ከትንሽ እርድ ጋር ጣዱት። ክክ ስለሆነ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፣ በ20 ደቂቃ ይበስላል። እስከዚያ በሌላው ምድጃ የትልልቆቹን ቁሌት በበርበሬ አቁላሉ። ምስሩ ሲበስል ለልጆቹ ሁለት ሦስት ጭልፋ ቀንሳችሁ አውጡና ጥቂት ዘይት ጨምሩበት። የተረፈውን ቁሌቱ ላይ ገልብጡት። አንድ ምስር፣ ሁለት ወጥ።

የልጆቹ ሳህን ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉ፣ ወይም ጥሬ ቲማቲም ክተፉበት። ይሄ ለማጣፈጫ ብቻ አይደለም። የጥራጥሬ አይረን ሰውነታችን ውስጥ በቀላሉ አይገባም፣ ቫይታሚን ሲ ግን ያስገባዋል። ቫይታሚን ሲ እሳት ላይ ሲቆይ ስለሚጠፋ ሎሚው ገበታ ላይ ይጨመቅ። በተቃራኒው ሻይ ያንኑ አይረን አስሮ ያስቀረዋል። ለዚህ ነው ልጅን ከምግብ ጋር ሻይ ማጠጣትን አጥብቄ የምቃወመው። «ትንሽ ሻይ ምን ይላል?» ለምትሉኝ፣ ይላል! ውኃ ስጡት። እንጀራችን ግን በዚህ በኩል ባለውለታችን ነው፤ ሊጡ ሲቦካ አይረንን ከሚያስሩት ነገሮች የተወሰነው ይሰባበራል። ስለዚህ እንጀራ በምስር አልጫ ፈትፍቶ ለልጅ መስጠት ከማንም የታሸገ ምግብ የሚያንስ አይደለም። ያደረ ምስር ደግሞ ጠንከር ስለሚል በማግስቱ ዳቦ ውስጥ ተቀብቶ ምሳ ዕቃ ይሆናል፣ ወይም ቲማቲም ተጨምሮበት የፓስታ ስጎ ይሆናል። ልጄ ፓስታውን ሲበላ ምስር እየበላ መሆኑን እስከ ዛሬ አላወቀም፣ እናንተም እንዳትነግሩብኝ።

ሽሮም ያው ነው። ባልትና ስትገዙ ወይም ስታስፈጩ የተወሰነውን ነጭ ሽሮ አድርጉት። ሽንኩርትና ቲማቲም በዘይት፣ ሁለት ኩባያ ተኩል ውኃ፣ ግማሽ ኩባያ ሽሮ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ከመውረዱ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ እንቁላል መትታችሁ እያማሰላችሁ ጨምሩበትና እንቁላሉ በደንብ ይብሰል። ጣዕሙ ብዙም አይለወጥም፣ ፕሮቲኑ ግን ይጨምራል። ለትልልቆቹ ሚጥሚጣው ገበታ ላይ አለ።

ጠዋት ላይ ክንጬ። ማታ ዘፍዝፋችሁ ካደራችሁት፣ ልጆቹ ልብስ ለብሰው ጫማቸውን እስኪፈልጉ ይደርሳል። አንድ ኩባያ ክንጬ በሦስት ኩባያ ፈሳሽ፤ ከሦስቱ አንዱ ወተት ቢሆን መልካም ነው። ለስላሳ እንዲሆን ትንሽ ንጥር ቅቤ ወይም የተፈጨ ኦቾሎኒ፣ ላዩ ላይ ሙዝ። ስኳር አያስፈልገውም፣ ሙዙ ይበቃዋል።

ስለ ቡላ ገንፎ አንድ ነገር ልበል፣ አያቶች ይቅር በሉኝ። ቡላ ሆድ ይሞላል፣ ጉልበትም ይሰጣል። ፕሮቲኑ ግን እጅግ ትንሽ ነው። የወፈረ ልጅ ሁሉ በደንብ የተመገበ ልጅ አይደለም። ቡላ ስትሠሩ በወተት ይሁን፣ ወይም አጠገቡ የተቀቀለ እንቁላል ይኑር። በጾም ወቅት የቤቱ ወጥ ሁሉ የጾም ሲሆንም ለትንንሾቹ አንድ እንቁላል መቀቀል 10 ደቂቃ ቢወስድ ነው።

አሁን ወደ አባቶች። እሑድ ከሰዓት ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ልጣችሁ ክተፉ። እኔ ቤት ይሄ የኔ ሥራ ነው፣ አልቅሼም ቢሆን እጨርሰዋለሁ። ያለ በርበሬ በዘይት አቁላልታችሁ፣ ሲቀዘቅዝ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ አስቀምጡት። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ከዚያም በላይ ይቆያል። የሳምንቱ ማታ ግማሽ ሥራ አለቀ ማለት ነው። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ ስታሞቁት እስኪፍለቀለቅ ይሙቅ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱት። ከአራት ሰዓት በላይ ከጠፋ ግን ውስጡ ያለውን ወጥ፣ ሥጋና ወተት ለልጅ አትስጡ። ያሳዝናል፣ ግን ከተቅማጥ ይሻላል።

ጥቂት ጥንቃቄዎች፦ ከ6 ወር በፊት የእናት ጡት ብቻ። ከ6 ወር በኋላ ይሄው የቤት ምግብ በደንብ ተፈጭቶ ወይም ተድጦ ይሰጠው፣ ጡቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥል። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም፣ በጣት እንኳን አታስልሱት። ቆሎና ያልተፈጨ ኦቾሎኒ 5 ዓመት ላልሞላው ልጅ ትንታ ነው።

«ሠርቼ ባቀርብለትስ ይተፋዋል» ለምትሉ፣ አንዴ ተፋው ማለት ጠላው ማለት አይደለም። አንዳንድ ልጅ አዲስ ምግብ ለመልመድ ስምንት አስር ጊዜ ሊቀርብለት ይገባል። አፍንጫውን ይዞ ማጉረስ፣ ስልክ ከፍቶ አፉ ውስጥ መጨመር ይቅር። ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚበላ እናንተ ወስኑ፣ ምን ያህል እንደሚበላ ሆዱ ይወስን። አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ብሉ፤ ልጅ ከምክራችሁ ይልቅ አፋችሁን ነው የሚያየው።

ልጁ ክብደት ካልጨመረ ወይም ከቀነሰ፣ መዳፉና የዓይኑ ውስጥ ከነጣ፣ ቶሎ ቶሎ ከደከመው፣ ወይም አፈር መብላት ከጀመረ ግን ጉዳዩ ከማድ ቤት አልፏልና ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

እናንተ ቤት በ20 ደቂቃ የሚደርሰው የልጆች ምግብ ምንድን ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። በተለይ ጎመንን ለልጅ ማስለመድ የቻላችሁ ካላችሁ እኔም እፈልገዋለሁ።