ስለ ምግብ እንቢታ በሽታና ስለ አንዲት ሊቅ ሥራ

ሰው የበሽታውን ምክንያት ባላወቀ ጊዜ በሽተኛውን መውቀስ ይቀናዋል። ለምጽ የወጣበት ኃጢአተኛ፥ የሚጥል በሽታ ያለበትም የተረገመ ይባል የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። እውቀት በገባበት ስፍራ ግን ወቀሳው ይወጣና በምትኩ ርዳታ ይገባል። ይህ ነገር በግልጥ ከታየባቸው ደዌዎች አንዱ፥ ማዕድ ቀርቦለት ሳለ ሰው ራሱን እስከ ሞት የሚያስርብበት በሽታ ነው።

ሐኪሞች ይህን ደዌ አኖሬክሲያ ነርቮሳ ብለው ይጠሩታል። የያዘው ሰው አጥንቱ እስኪቈጠር ድረስ ከስቶ ሳለ መወፈርን ይፈራል፤ ዘመዶቹን ሁሉ የሚያስደነግጠው ክሳት ለእርሱ ገና የማይበቃ ሆኖ ይታየዋል። አብዛኛውን ጊዜ በልጃገረዶች ላይ በአፍላ ዕድሜ ይጀምራል፤ ነገር ግን ወንዶችንና በዕድሜ የገፉትንም አይምርም። ልብን እያደከመ፥ ተስፋንም እያስቈረጠ ራስን እስከ መግደል ስለሚያደርስ፥ ከአእምሮ ሕመሞች መካከል ብዙ ሰው ከሚገድሉት ጋራ ይቈጠራል። እንግዲህ የቅንጦት ጠባይ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ዛሬ የሚጠራበትን ስም የሰጡት እንግሊዛዊው ሐኪም ሰር ዊልያም ገል በ1874 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። እኒሁ ሐኪም ዘመድና ወዳጅ ለእንዲህ ያለው በሽተኛ አብዛኛውን ጊዜ የከፋ አስታማሚ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በኋላም በ20ኛው መቶ ዓመት ብዙዎቹ ሊቃውንት ምክንያቱን በእናት አስተዳደግና በቤተ ሰብ ጠባይ ውስጥ ፈለጉት። ስለዚህም ልጅዋ በፊትዋ ስትመነምን የምታይ እናት፥ በኀዘንዋ ላይ የጥፋተኛነት ሸክም ተጨምሮባት ከሐኪም ቤት ትመለስ ነበር።

ይህን ሸክም ለማቅለል ከደከሙት ሊቃውንት አንዷ አሜሪካዊቱ የሥነ ልቡና ሐኪም ፕሮፌሰር ሲንቲያ ቡሊክ ናቸው። በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ፥ ቀጥሎም በበርክሊ በሚገኘው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ፥ በኒው ዚላንድ አገር በካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በ2003 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ፥ ለአመጋገብ ሕመሞች ትምህርት በተለይ በተመደበ የፕሮፌሰርነት ወንበር ተሾሙ፤ በዚያም የሕክምናና የምርምር ማዕከል አቋቋሙ። የሥራቸው መለያ በሽተኛን በአልጋው አጠገብ ማከምንና ብዙ ሕዝብ ቈጥሮ መመርመርን ሳይነጣጥሉ መያዛቸው ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ማስረጃ ከስዊድን አገር መጣ። በዚያ አገር ከ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ የመንትዮች መዝገብ ይጠበቃል። አንድ መልክ ያላቸው መንትዮች ዘራቸው አንድ ነው፤ ልዩ ልዩ መልክ ያላቸው መንትዮች ግን በዘር እንደ ማናቸውም ወንድማማችና እኅትማማች ናቸው። ሁለቱም ዓይነት በአንድ ቤት ያድጋል። እንግዲህ በሽታው ሁለቱን አንድ መልክ መንትዮች አብሮ የሚይዝበት ጊዜ ከሌሎቹ የበዛ ከሆነ፥ ትርፉ ከዘር የመጣ መሆኑ ይታወቃል። ፕሮፌሰር ቡሊክና ባልደረቦቻቸው 31,406 መንትዮችን ከዚህ መዝገብ መርምረው፥ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፥ ለአኖሬክሲያ በመጋለጥ ረገድ በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ከመቶ 56 እጅ ያህሉ ከዘር የሚመጣ መሆኑን ገመቱ።

ሁለተኛው ማስረጃ የወጣው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ከ17 አገሮች የተሰበሰበ የ16,992 በሽተኞችና የ55,525 ጤነኞች ዘረ መል ጐን ለጐን ተመርምሮ፥ ከበሽታው ጋራ የተያያዙ ስምንት ስፍራዎች ተገኙ። ከዚህም ጋራ በሽታው የአእምሮ ብቻ ሳይሆን ሰውነት ምግብን ወደ ኀይል ከሚለውጥበት ሥርዐት ጋራ በዘር የሚዛመድ ሆኖ ታየ። ጤነኛ ሰው በከሳ ጊዜ ሰውነቱ ወደ ቀድሞ ክብደቱ ሊመልሰው ይታገላል፤ ታክሞ የወፈረው የአኖሬክሲያ በሽተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተመልሶ የሚከሳበት ምክንያት፥ ጠባዩ ስለ ከፋ ሳይሆን ሥርዐቱ ስለ ተዛባ ይሆናል የሚለው አሳብ ከዚህ ብርታት አገኘ።

ይህም ሲባል ዘር ዕጣ ፈንታ ነው ማለት አይደለም፤ ዘሩ ያለው ሁሉ አይታመምምና። ምርመራውም ለበሽታው የተለየ ፈዋሽ መድኃኒት ገና አላስገኘም። ያስገኘው ግን ቀላል አይደለም፤ እናትን ከተከሳሽነት አውጥቶ በረዳትነት ስፍራ አስቀምጦአታል።

ሕክምናውም በዚሁ መንገድ ሄዶአል። በሎንዶን ከተማ በሞድስሊ ሆስፒታል ሐኪሞች በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጡት ምርመራ፥ በሽታው በለጋ ዕድሜ ለጀመራቸውና ብዙ ዓመት ላልቈየባቸው ልጆች፥ ወላጆች የሚተባበሩበት ሕክምና በሽተኛውን ብቻ ከማነጋገር የበለጠ እንደሚጠቅም አሳየ። ፕሮፌሰር ቡሊክም ከባልደረባቸው ከዶናልድ ባውኮም ጋራ፥ ያገባ በሽተኛ ከትዳር ጓደኛው ጋራ የሚታከምበትን ዘዴ አወጡ። ሰር ዊልያም ገል ያራቁትን ዘመድ የኋለኛው ዘመን ሐኪም ወደ ማዕዱ መለሰው ማለት ነው።

የሕክምናው መጀመሪያ ግን ምግቡ ራሱ ነው። በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኞች ወጣቶች በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት ምግብ ተቀንሶባቸው ነበር። እነዚህ ጤነኞች ሳሉ ዘወትር ምግብን ብቻ የሚያስቡ፥ የሚተክዙና ከሰው የሚርቁ ሆኑ። ስለዚህ የከሳው በሽተኛ ሲቈጣና ሲሸሽ የሚናገረው ረኀቡ ነው፤ ቀድሞ ሊመገብ ይገባዋል።

በዚህ ስፍራ ጾምና በሽታ እንዳይምታቱ መለየት ያስፈልጋል። ጾም የሚያዝበትና የሚፈታበት ቀን አለው፤ ጾመኛውም በበዓሉ ቀን ከወገኑ ጋራ በደስታ ይበላል። ይህ በሽታ ግን ፋሲካ የለውም። ፍትሐ ነገሥትም ሕመምተኛውን ከጾም ግዴታ ነፃ ያወጣዋል። እንግዲህ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ማዕድን የምትሸሽ፥ እየከሳችም የምትሄድ ልጅ ያየ የንስሐ አባት፥ ትጋትዋን ከማመስገን ይልቅ ወደ ሐኪም ቢመራት ነፍስ ያድናል።

ሹማምንትም ከዚህ ነገር የሚማሩት አለ። የስዊድን የመንትዮች መዝገብ በተከፈተ ጊዜ፥ የታሰበው ማጨስና የአልኮል መጠጥ በጤና ላይ የሚያደርሱትን ጕዳት ለማወቅ ነበር፤ ስለ አኖሬክሲያ ይመሰክራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በትጋት የተጠበቀ መዝገብ ግን ካልታሰበ ጥያቄ ጋራ ሲገናኝ መልስ ሰጠ። ደግሞም በ2019ኙ ምርመራ የተቈጠሩት ሰዎች ትውልዳቸው ከአውሮፓ ስለ ሆነ፥ የአፍሪካ ሕዝብ ዘር በዚያ ሚዛን ላይ አልወጣም። ያልተመዘገበ ሕመም ደግሞ እንደሌለ ይቈጠራል።

የአንዲት ሊቅ የብዙ ዓመት ድካም ያሳየው ይህ ነው፤ በሽተኛን በርኅራኄ መያዝና ነገርን በቍጥር መመርመር የማይጣሉ ሥራዎች ናቸው። ርኅራኄ ያለ ምርመራ ማንን እንደሚወቅስ አያውቅም፤ ምርመራም ያለ ርኅራኄ ለማን እንደሚደክም ይረሳል። በማዕድ ፊት የምትራብ ልጅ ባለችበት ቤት ሁሉ፥ ከወቀሳ በፊት ሐኪምና ማዕድ ሊቀድሙ ይገባል።