«መጣሁ» ብሎ የሚሄድ ሰው

እንግዳውን ተቀብሎ ያስቀመጠ ባለቤት ወደ ጓዳ እየገባ «መጣሁ» ይላል። እየሄደ ነው እንጂ አልመጣም። የተራበ ሰው «ራበኝ» ይላል፤ ነገሩ የተገለጠለትም «ገባኝ» ይላል፤ ረሃቡም ሆነ መረዳቱ ግን ያለው አሁን ነው። «ነገ ከመጣህ እንነጋገራለን» ስንልም ገና ላልደረሰው ቀን ያለፈውን ግስ እናውሰዋለን።

አማርኛን ከእናቱ አፍ የቀዳ ሰው በዚህ አይደነቅም። ቋንቋውን በሁለተኛነት የሚማረው ግን ገና ከመነሻው «ኃላፊ፣ አሁን፣ ትንቢት» የሚል ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ ይታደለዋል። ይህ ሠንጠረዥ ለአማርኛ ልክ አልተሰፋም፤ የሌላ ሰው እጀ ጠባብ ነው። የአማርኛ ግስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መቼ?» ብሎ ሳይሆን «አለቀ ወይስ አላለቀም?» ብሎ ነውና። «ይመጣል» ዘወትር የሚመጣውንም ነገ የሚመጣውንም በአንድ ቃል ይይዛል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው አለመፈጸማቸው ነው። ይህን የድርጊት መልክ «ገጽታ» እንበለው።

«እንግዲያ አማርኛ ጊዜ የለውም ልትለን ነውን?» የሚል አይጠፋም። አላልኩም። «ነበር» አለ፤ «ይመጣ ነበር» እና «መጥቶ ነበር» አሉ። የምለው፣ ጊዜ በገጽታ መሠረት ላይ የሚቆም ግድግዳ ነው፤ ግድግዳውን አስቀድሞ መሠረቱን ማስከተል አይቻልም ነው።

የሁለተኛ ቋንቋ ለመዳን ያጠኑ ሊቃውንትም ከዚህ የራቀ ነገር አልነገሩንም። ዜኖ ቬንድለር እ.ኤ.አ. በ1957 ግሶችን እንደ ተፈጥሯቸው በአራት ከፈላቸው፦ ሁኔታ፣ ሂደት፣ ወደ ፍጻሜ የሚያመራ ክንውን፣ በቅጽበት የሚሆን ፍጻሜ። ከርሱ በኋላ ሮጀር አንደርሰንና ሌሎች ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ተማሪው ያለፈ ጊዜን ምልክት በሁሉም ግስ ላይ እኩል አይበትንም። አስቀድሞ የሚያጣብቀው እንደ «ሰበረ» እና «ደረሰ» ባሉ የራሳቸው ማብቂያ ባላቸው ግሶች ላይ ነው፤ እንደ «ኖረ» ያሉት ዘግይተው ይከተላሉ። በአምስት የአውሮፓ አገሮች በጎልማሳ ስደተኞች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1995 በመጽሐፍ የወጣው ጥናትም፣ ጀማሪዎች ግሱን ሳያረቡ በ«ትናንት» እና «ከዚያ» ብቻ፣ የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል እየደረደሩ ታሪካቸውን እንደሚተርኩ አሳይቷል። ስሕተት የምንለው ነገር ሥርዓት አለው ማለት ነው።

እኛስ? እንስቃለን። በዋሽንግተን ወይም በለንደን ያደገ ልጅ «እማዬ ቀይ ቀሚስ እየለበሰች ነው» ሲል ዘመድ አዝማድ ይንከተከታል። እናቲቱ ለብሳ ተቀምጣለችና! ልጁ ማለት የፈለገው «ለብሳለች» ነበር። ግን ማን ነገረው? እንግሊዝኛው «በመልበስ ላይ ናት» በሚመስል አነጋገር አሳደገው፤ ሠንጠረዡ ደግሞ «ለብሳለች» ያለፈ ነገር ነው ብሎ አስጠነቀቀው። በአማርኛ «ለበሰ» ቅጽበት ነው፤ ከቅጽበቱ በኋላ የሚቀረው መልክ «ለብሷል» ነው። «ተኝቷል»፣ «ቆሟል»፣ «ተቀምጧል» ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ በአለፈ ድርጊት ያለውን ሁኔታ ይናገራሉ። ልጁ ያጣው ይህን ምስጢር የሚያስረዳው ሰው ነው። ያገኘው ግን ሳቅ ነው፤ ሳቁም ዝምታን ያወርሰዋል። ከዚያ በኋላ «ልጆቻችን አማርኛ ጠሉ» እያልን እናለቅሳለን።

«ሠንጠረዡ ለጀማሪ ያቀልላል» ይሉናል። አዎን፣ ለፈተና ያቀልላል፤ ለወግ ግን አያበቃም። በሠንጠረዥ የሠለጠነ ተማሪ ታሪክ ሲያወራ «ተነሳ እና ታጠበ እና ለበሰ እና ወጣ» ይላል። እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነው፤ አማርኛው ግን የለም። «ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ለብሶ ወጣ» የሚለውን የተረት እስትንፋስ ማንም አላስተማረውም። ይህ ግስ «ቦዝ አንቀጽ» ተባለ እንጂ ቦዘኔ አይደለም፤ የአማርኛን ትረካ ተሸክሞ የሚጓዘው እርሱ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ግን በሦስቱ ዓምዶች ውስጥ ቦታ ስላጡለት ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ይገፉታል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ከተረት ጀምሩ። አንድ ግስ ያዙና «ለበሰ»፣ «ለብሷል»፣ «እየለበሰ ነው»፣ «ለብሶ ወጣ» እያላችሁ በሰውና በልብስ አሳዩት፤ ስሙን በኋላ ትሰጡታላችሁ። ወላጆች ሆይ፣ ልጁ ሲሳሳት ሳትስቁ ትክክለኛውን ቃል መልሳችሁ በሉለት፤ በጨዋታ መሐል፣ ሳታቋርጡት።

«መጣሁ» ብሎ የሄደውን ሰው ቁጭ ብለን የምንጠብቀው ቃሉን ስለምናምን ነው። አማርኛን ሊማር የሚደክመውንም ልጅ እንዲሁ እንጠብቀው፤ እርሱም መጣሁ እያለን ነው።