ማጣሪያው ሲታደስ እርሾው አይጣል

ላቤኦባርበስ በተባለው ወገን ከሚመደቡት የጣና ሐይቅ ዓሦች ብዙዎቹ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። አንዳንዶቹ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ ከጎንደር በስተሰሜን ካለው ደጋ የሚወርደው መገጭ ከመንገዶቻቸው አንዱ ነው። አሸዋ ማውጣት፣ የመስኖ ጠለፋና ግድብ ይህን መንገድ በሚያጠቡበት ዘመን ዓሦቹን በገንዳ ጠብቆ ማጥናትና ማራባት አማራጭ ብቻ ሳይሆን ዋስትናም ነው። በገንዳ የሚያልቅ የወላጅ ዓሣ ስብስብ በቀላሉ አይተካም። ለእንዲህ ያለው ጥፋት ከሚዳርጉት ምክንያቶች አንዱ ሲሠራ የቆየን ማጣሪያ መሙያ በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ መለወጥ ነው።

ጠጠርም ሆነ ስፖንጅ በራሱ መርዝ አያጠፋም። ሥራውን የሚሠሩት በላዩ ላይ ስስ ሽፋን ፈጥረው የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው። ዓሦች በስንጥባቸው የሚያስወግዱትን አሞኒያ አንዱ ቡድን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለቱንም ደረጃዎች ብቻውን የሚፈጽም ናይትሮስፓይራ የተባለ ባክቴሪያ ከዓሣ እርባታ ማጣሪያ መገኘቱ ተዘግቧል። እነዚህ ሕዋሳት የሚራቡት በዝግታ ነው፤ አዲስ ማጣሪያ ለሥራ እስኪበቃ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት፣ በባሕር ውኃ ደግሞ ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

የደጋው ሁኔታ ነገሩን ያከብደዋል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው ጎንደር የሚይዘው 7 ሚሊግራም ገደማ ነው። 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ ደግሞ 4.6 ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል። ስለዚህ ዓሣውና ማጣሪያው ከአንድ ጠባብ ማዕድ ይቋደሳሉ፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜም ሕዋሳቱን ያዘገያል።

የባሕር ውኃ ገንዳ ባለቤቶች ተሞክሮ ጠቃሚ ቢሆንም እንዳለ መቅዳት አይገባም። በባሕር ውኃ ውስጥ የሚበዛው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ስለሚሻማ የባሕር ዓሣ የሚቋቋመው መጠን የወንዝ ዓሣን ሊገድል ይችላል። በአንጻሩ በ25 ዲግሪ ፒኤች 7 በሆነ ውኃ ውስጥ ከአሞኒያው መርዛማው ክፍል 0.6 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ፒኤች 8 ሲደርስ ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። መወሰድ ያለበት መርሑ እንጂ ቁጥሩ አይደለም።

መርሑ ለጎንደር እናቶች እንግዳ አይደለም። ሊጥ የምታቦካ ሴት ቡሃቃዋን ስታጥብ እርሾዋን አትደፋም። አዲሱ መሙያም ከአሮጌው ጎን፣ በዚያው የውኃ ፍሰት ውስጥ፣ ለሳምንታት መቆየት አለበት። ከዚያ አሮጌው በአንድ ጊዜ ሢሶው ብቻ እየወጣ፣ አሞኒያና ናይትራይት በየቀኑ እየተለካ፣ ምግብም እየተቀነሰ ሊለወጥ ይገባል። ማጠብ ካስፈለገ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውኃ ሳይሆን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ይሁን።

አሮጌ መሙያ በሽታ ይዞ ይቆያል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ በሽታ በታየበት ገንዳ ሁሉንም ማስወገድ የግድ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ዓሣ በሌለበት ገንዳ፣ አሞኒየም ክሎራይድ እየተሰጠው የጎለመሰ ተጠባባቂ ማጣሪያ አስቀድሞ ማዘጋጀትን ይጠይቃል እንጂ ችኮላን አይፈቅድም። የመመረቂያ ጥናት ጊዜ አጭር ነው የሚለውም ቢሆን መልሱ ሳምንታቱን ከመነሻው በጥናቱ ዕቅድ ውስጥ ማካተት ነው።

በገንዳ የተደረገ ጥናት የዓሣውን ቁጥር፣ የውኃውን ሙቀትና የመኖውን መጠን እንደሚዘግብ ሁሉ የማጣሪያ መሙያውን ዓይነት፣ ዕድሜና የተለወጠበትን ቀን ሊዘግብ ይገባል። ይህ ካልተጻፈ በሙከራው ሳቢያ ሞቱ የተባሉት ዓሦች በእርግጥ የሞቱት በማጣሪያው ይሁን አይሁን አንባቢ የሚለይበት መንገድ የለውም።