አገር ስጠኝ!

ያለፈውን ገና ያሳለፍኩት ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ በታኅሣሥ ማታ ሰውን ምን እንደምታደርግ የቀመሰ ያውቀዋል። ሰው ከምድጃ አይርቅም። ከምድጃ የማይርቅ ሰው ደግሞ ወይ ሰው ያማል፣ ወይ ይጫወታል። እኛ ቤት ሐሜቱ ለትልልቆቹ፣ ጨዋታው ለልጆቹ ደረሰ።

በዚያ ሰሞን የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ መጥቶ ነበር። ይዞት የመጣው ጨዋታ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን የደረሱት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመ ነው። ሜዳ አይፈልግም፤ ጠረጴዛ ይበቃዋል። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው «ይሆናል»፤ አንዱ ተዋጊ፣ አንዱ ጠንቋይ፣ አንዱ ሌባ። አንድ ሰው ግን የቀረውን ሁሉ ይሆናል። ዋሻውም፣ ዘንዶውም፣ መሸታ ቤቱም፣ ዝናቡም እሱ ነው። በእንግሊዝኛው ጌም ማስተር ይሉታል። እኔ አጫዋች ብዬዋለሁ።

ጥግ ይዤ ሳይ ጨዋታው መጀመሪያ ላይ ያስቀና ነበር። ልጆቹ ብርዱን ረስተውታል። በኋላ የአሥራ ሁለት ዓመቷ የወንድሜ ልጅ አንድ ነገር አሰበች። «ቅድም ከግቢው የሚወጣ ቦይ አለ ብለሃል አይደል? በበሩ አልገባም፣ ዘንዶውንም አልዋጋም። በቦዩ ሾልኬ እስረኞቹን አወጣለሁ» አለች። አጫዋቹ ዝም አለ። ሳምንት ሙሉ ያሰናዳው የዘንዶ ጦርነት በአንዲት ቦይ ሊያመልጠው ነው።

«ቦዩ ተደፍኗል» አላት።

«መቼ?»

«አሁን።»

ይኼኔ የዳይሱም ነገር ትዝ አላቸው። እነሱ ሃያ ጎን ያለውን ዳይስ ጠረጴዛው መሃል ሲጥሉ፣ እሱ ከቆመች ካርቶን ጀርባ እየጣለ ቁጥሩን በአፉ ብቻ ይነግራቸው ነበር። «ለምንድነው የምትደብቀው?» ተባለ። «ጌሙ እንደዚህ ነው። የመጨረሻው ቃል የኔ ነው» አለ። አንድ በአንድ እየተነሡ ወደ ምድጃው ሄዱ። እሱ ከነዘንዶው ብቻውን ቀረ።

ማታውን ተከራከርን። የእህቴ ልጅ ባዶ እጁን አልመጣም። ጋይጋክስ ለአጫዋቾች ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው መመሪያ፣ የመጨረሻውን ዳኝነት ለአጫዋቹ እንደሚሰጥ ነገረኝ። እውነቱን ነው። «አንድ ሰው ካልወሰነማ፣ ጋሼ፣ ጨዋታ የለም» አለኝ። ይኼም እውነት ነው። አምስት ልጅ አምስቱም «ንጉሡ እኔ ልሁን» ካለ የሚተርፈው ጠብ ነው። ስለዚህ አጫዋች ይሻር የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። የደከመው እሱ ነው፤ ያሰናዳው እሱ ነው፤ «አይሆንም» የማለት መብትም አለው።

ነገር ግን የመጨረሻው ቃል ያለው ሰው የመጀመሪያ ቃሉን ይብላ ማለት አይደለም። ቦዩ አለ ብለህ ተናግረሃል፤ አለ። ልጅቷ ስለደረሰችበት ብቻ የሚደፈን ቦይ ቀድሞውንም ቦይ አልነበረም፤ ወጥመድ ነበር። ደግሞስ ያ ሃያ ጎን ዳይስ ጠረጴዛው ላይ ምን ይሠራል? አጫዋቹም ራሱ ያላሰበው ነገር እንዲደርስበት አይደል? ቁጥሩን ደብቆ እንደፈቀደው የሚያነብ ሰው ዳይስ ምን ያደርግለታል? አንደኛውን «እኔ እንዳልኩ» ይበልና ይገላግለን።

ቃሉንም እንየው። የማስተማር ልማድ አልለቅ ብሎኝ ነውና ታገሡኝ። አጫዋች ማለት ሌላውን የሚያጫውት ነው። ድሮ በቤተ መንግሥት የንጉሥ አጫዋች ነበር፤ የሱ ሥራ ንጉሡን ማጫወት ነበር እንጂ በንጉሡ መጫወት አልነበረም። ሥልጣኑ ሌሎቹ እስከተጫወቱ ድረስ ነው። ምድጃው ጋ ከሄዱበት አጫዋችነቱ ያበቃል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት አባቶቻችንም ጌትነትን አልሻሩም። ሜዳው ላይ ግን ጌታውም እንደማንም ቅልጥሙን ይመታል፣ ችሎም ያድራል።

ይህን ስንከራከር ምድጃው ጋ እንቆቅልሽ ተጀምሯል። አጫዋቿ እናቴ ናት፤ የአንኮበር ልጅ። አንድ የተማረ ወዳጄ እንቆቅልሽን አይወድም። «አንዱ ሲጠይቅ ሌላው አገር እየሰጠ የሚኖርበት፣ የአምባገነን ማሠልጠኛ ነው» ይላል። መስሎት ነው። ቀርቦ ቢያይ ጥሩ ነበር።

«እንቆቅልህ?» አለችው ትንሹን።

«ምን አውቅልሽ!»

አቃተው። «አገር ስጠኝ» አለችው። «አንኮበርን ሰጠሁሽ!» አላት። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን መናገሻ፣ እሷ የተወለደችበትን ተራራ ከነገደሉ በአንዲት ቃል አስረከባት! እሷም እዚያ ወጥታ ምን እንደበላችና ምን እንደጠጣች፣ እሱን የት እንዳስቀረችው አወራችለትና ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ከዚያ ግን መልሱን ነገረችው። ልብ በሉ፤ አገር ተቀብሎ መልሱን መከልከል ነውር ነው። ቀጥሎም ተራው የልጁ ሆነና እሷ ተጠያቂ ሆነች። አምባገነን ተራውን ሲሰጥ አይታችኋል?

ቆየት ብላ ልጅቷን ጠየቀቻት፤ «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ የሚያድር፣ የማይደክመው።»

«ነፋስ!» አለች ልጅቷ።

የእህቴ ልጅ ከጎኔ ብድግ አለ። «እማማ፣ መልሱ ወንዝ ነው አላልሽኝም ነበር?»

«እኔ ያሰብኩት በረሳን ነው» አለች እናቴ። «የሷስ ነፋስ አይሄድም? ይደክመዋል? ታዲያ ምን ልበላት?» ለልጅቷ አገር ሳትጠይቅ አለፈቻት። ውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

እኔ በዚህች አነጋገር አፈርኩ። የእህቴን ልጅ ስገሥጽ ያመሸሁት ሰውዬ ከሱ የባሰ ሠርቻለሁ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረ ጊዜ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ፈተና አወጣሁ። የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ፍቅር ለዚያ ያበቃው ምንድነው? የኔ መልስ የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ነበር፤ በማስታወሻዬም ያስጻፍኩት ይኼንኑ ነው። አንድ ተማሪ ስለቱ ነው ብሎ ጻፈ። ልጃቸው እንዲተርፍላቸው የተሳሉት የበዛብህ ወላጆች ገና ሳያውቁት ዕጣውን ቆርጠውታል ብሎ፣ ከመጽሐፉ እየጠቀሰ ተከራከረ። ቀነስኩበት። መጽሐፉን ይዞ ቢሮዬ መጣ። ገጹን ገልጦ አሳየኝ። «ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኩት። ሌላ መልስ አልነበረኝም። እጅ ነሥቶ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ አያውቅም።

ቦዩን ደፈንኩት ማለት ነው። «መቼ?» ቢለኝ «አሁን» ከማለት ሌላ ምን እል ነበር?

ስንቱ መምህር፣ ስንቱ አባት፣ ስንቱ አለቃ ጥያቄውን ስላወጣ ብቻ መልሱም የግሉ ይመስለዋል! ልጆቻችን ሳይጠየቁ አይናገሩም ብለን እናማቸዋለን። ተናግረው ቦያቸው የተደፈነባቸውን ቀን ግን አናስታውስም። እነሱ ያስታውሱታል።

በማግሥቱ ማታ የእህቴ ልጅ ካርቶኑን አጥፎ ዳይሱን ጠረጴዛው መሃል ጣለው። ልጅቷ በቦዩ ገባች። ዘንዶው ሳይዋጋ አደረ። ጨዋታው እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ።

ያ ተማሪ ይህን ጽሑፍ ካነበበው በጨዋታው ሕግ ዕዳ አለብኝ። ያኔ ያቃተኝ እኔ ነበርኩ። አገር ይጠይቀኝ፤ አንኮበርን እሰጠዋለሁ።