ከግቢው አጥር ባሻገር



ስለ ፈተናና ስለ ናፍቆት ስንገናኝ ብዙ እናወራለን። ስለ ማኅበራዊ ኑሯችን ግን ዝም ብለናል። ምክንያቱ አንድ ይመስለኛል፤ በዚህ የምንወቀሰው እኛው ራሳችን ነን።

በአቡ ዳቢም ሆነ በአል ዓይን የአብዛኞቻችን ኑሮ ከመኝታ ክፍል እስከ ቤተ መጻሕፍት ነው። ትምህርቱም ገበያውም በእንግሊዝኛ ስለሚያልቅ ዓረብኛ ሳንማር ዓመታት ያልፋሉ። ከአሥሩ ነዋሪ ዘጠኙ ያህል የውጭ አገር ሰው በመሆኑ «ከማን ጋር ልነጋገርበት?» የሚል ሰበብም አናጣም።

ባለፈው ዓመት አንዲት የክፍል ጓደኛዬ አል ዓይን ወደሚገኘው ቤታቸው ጋበዘችኝ። አያቷ ቴምርና ቡና አቅርበው ስለ አገሬ ይጠይቁኝ ጀመር። እኔ ፈገግ ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ያዳነችኝ በቤቱ የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት፤ ዓረብኛውን አቀላጥፋ አስተረጎመችልን። አያቷም ተገርመው «ታዲያ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የትኛዋ ናት?» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያሳፈረኝ ቋንቋውን አለማወቄ ብቻ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ከተማ ስኖር እንደ እርሷ ካሉ እኅቶቼ ጋር ቁጭ ብዬ አንድ ስኒ ቡና አለመጠጣቴም ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ኩባ የተላኩትን ወገኖቻችንን እናስታውስ። ብዙዎቹ አባቶቻቸውን በኦጋዴን ጦርነት ያጡ ልጆች ነበሩ። በወጣቶች ደሴት የቀኑን ግማሽ እየተማሩ፣ ግማሹን በፍራፍሬ እርሻ እየሠሩ አደጉ። ስፓኒሽን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን አብሮ ከመሥራትና ከመጫወት ስላገኙት የራሳቸው አደረጉት። እነርሱ ግድ ነበረባቸው፤ እኛ የለብንም። ስለዚህ ግዱን ራሳችን በራሳችን ላይ መጣል አለብን።

የምለው ይህ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከግቢ እንውጣ። እኅቶቻችን ዓረብኛ ያስተምሩን፤ እኛም እንግሊዝኛ እናስተምራቸው፣ የሥራ ውላቸውን አብረን እናንብብ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአገሩ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ከነክፍያው፣ ፓስፖርትንም በገዛ እጅ የመያዝ መብት ይሰጣል። ይህን ያልሰማች እኅት ካለች የማንበብ ዕድል ያገኘነው እኛ ልንነግራት ይገባል። ውለታ መዋል እንዳይመስለን፤ የምንቀበለው ከምንሰጠው ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

«ጊዜ የለንም» የሚል ይኖራል። በስልክ ከአዲስ አበባ ጋር የምናሳልፈውን ሌሊት ቆጥሮ ይንገረኝ።

ቋንቋውም ቢሆን ባዕድ አይደለም፤ ቤት፣ ራስ፣ ደም፣ ስም የምንላቸው ቃላት ሁሉ በዓረብኛ ዘመድ አላቸው። አል ዓይን ራሷ ስሟ «ዓይን» ነው፤ ምንጭ ማለትም ነው። ምንጭ ዳር ተቀምጦ ውሃ ለጠማው ማን ያዝንለታል? በሚቀጥለው ስብሰባ እንወያይበት።